ሽቦ ጠምዝዞ የኤሌክትሪክን ጉልበት የለካው መሐንዲስ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ያሉ ልጆቻችን በፊዚክስ ደብተራቸው ላይ አንድ ስም ደጋግመው ይጽፋሉ፤ ኩሎምብ ይባላል። የኩሎምብ ሕግ፣ አንድ ኩሎምብ፣ ማይክሮ ኩሎምብ እያሉ ያጠኑታል፣ ፈተና ላይም ይመጣባቸዋል። ሰውየው ማን ነበር ቢባሉ ግን ብዙዎቹ ኩሎምብ የሰው ስም መሆኑንም አያውቁም። በዛሬው የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን ስለዚህ ሰው እናወጋችኋለን። ከታሪኩ ጎን ለጎን ሕጉንም፣ ሒሳቡንም እናስረዳለን፤ የሰውየው ሕይወትና ሒሳቡ ተነጣጥለው የሚነገሩ አይደሉምና። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስሙ ሻርል ኦጉስተን ደ ኩሎምብ ነው። በአገሩ ቋንቋ የመጨረሻዋ ፊደል ስለማትነበብ ፈረንሳዮቹ ኩሎም ይሉታል፤ እኛ ግን በትምህርት ቤት እንደለመድነው ኩሎምብ እንበለው። ጁን 14 ቀን 1736 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አንጉሌም በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ሲዛወር በዚያ ጥሩ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሒሳብና የሰማይ አካላት ጥናትም ልቡን ወሰዱት። ችግሩ ከቤት መጣ። አባትየው ገንዘቡን በማይጨበጥ ንግድ ላይ አፍስሶ ከሰረና ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሞንፔሊዬ ተመለሰ። እናትየው ፓሪስ ቀረች። እሷ ልጇ ሐኪም እንዲሆን ነበር የምትፈልገው፤ ልጁ ደግሞ ከሒሳብ ውጪ ሌላ አልፈልግም አለ። ነገሩ ከረረና እናቱ ልጄ አይደለህም እስከማለት ደረሰች። ወጣቱም ጓዙን ሸክፎ አባቱ ዘንድ ሞንፔሊዬ ገባ። እዚያም በ1757 የከተማይቱ የሳይንስ ማኅበር በአባልነት ተቀበለው። ዕድሜው ገና 20 ዓመት ነበር።

ሳይንስ ግን እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ በ1760 መዚየር ወደሚገኘው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ፣ በ1761 መጨረሻም በመቶ አለቅነት ተመረቀ። ብሬስት በተባለችው ወደብ ላይ ሲሠራ ሳለ፣ ከባሕር ማዶ ወዳለችው ማርቲኒክ ደሴት ሊሄድ የነበረ አንድ መሐንዲስ ታመመና በእሱ ምትክ አንተ ሂድ ተባለ። ፌብሩዋሪ 1764 መርከብ ላይ ወጣ።

ማርቲኒክ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በዚያን ጊዜ ሀብቷ ስኳር ነበር፤ ስኳሩ የሚመረተው ደግሞ በግድ ከአፍሪካ ተግዘው በተወሰዱ ባሮች ጉልበት ነው። የኩሎምብን ታሪክ የሚጽፉ ብዙ መጻሕፍት ይህን ነገር በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኛ ግን ሳናነሳው ማለፍ አልወደድንም። እንግሊዞች ደሴቲቱን በ1762 ማርከዋት በ1763ቱ የሰላም ውል ለፈረንሳይ መልሰዋት ነበር። ፈረንሳይ ዳግመኛ እንዳትነጠቅ ስለሰጋች ከዋናው ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ፎር ቡርቦን የተባለ ትልቅ ምሽግ እንዲሠራ አዘዘች። የሥራው ኃላፊነት የወደቀው በወጣቱ ኩሎምብ ላይ ነው። ለአጭር ጊዜ የመጣ የመሰለው ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆየ። ሙቀቱና የቆላው በሽታ ደጋግሞ ጣለው፤ በ1772 ወደ አገሩ ሲመለስ ጤናው እንደተጎዳ ነበር፣ ከዚያ በኋላም በደንብ አልተመለሰለትም።

ታዲያ ይህ ሰው በደሴቲቱ ላይ አፈር ሲያስቆፍርና ድንጋይ ሲያስጭን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሰው በቀን ምን ያህል መሥራት ይችላል የሚለውን ይታዘብ ነበር። ወደ ሕይወቱ መጨረሻ ገደማ ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ትዝብቱን አውጥቶታል። የሠራተኛ ጉልበት ሲለካ ሠራተኛው ሳያውቅና ለብዙ ቀናት መሆን አለበት ይላል፤ እየታየ መሆኑን ያወቀ ሰው ለአንድ ቀን ከዓቅሙ በላይ ይሠራልና። ከልክ በላይ የተጫነ ተሸካሚ ቀኑ ሲመሽ የሠራው ጠቅላላ ሥራ እንደሚያንስም በሒሳብ አሳየ። በሞቃት አገር ያለ ሰው ደግሞ በፈረንሳይ የአየር ጠባይ ሊሠራ ከሚችለው ግማሹን እንኳ መሥራት አይችልም ሲል ጻፈ። ከእኛ መካከል በቀትር ፀሐይ ውኃና እንጨት ለሚሸከሙት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ በሚቀልበት ዘመን አንድ የጦር መሐንዲስ ቁጭ ብሎ ሙቀቱን መቁጠሩ ሊመሰገን ይገባዋል እንላለን።

ከማርቲኒክ ሲመለስ በሻንጣው ውስጥ አንድ ረቂቅ ነበረው። በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበው፣ በ1776ም ታተመ። ጉዳዩ የአፈር ክምርን ደግፎ የሚይዝ ግንብ ምን ያህል ወፍራም ቢሆን አይወድቅም የሚል ነው። የሲቪል መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ድረስ የአፈርን ግፊት ሲያሰሉ ስሙን ያነሳሉ። ከዚያም በ1781 በሮሽፎር የመርከብ ማዕከል ስለ ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ ስለሚፈጠረው መጎተት ያደረገው ጥናት ሽልማት አገኘ። አንድ ሣጥን መሬት ላይ ስንጎትት የሚይዘን ነገር ልኩ የሚወሰነው በክብደቱ እንጂ በመሬቱ ላይ ባረፈው ስፋት አይደለም የሚለው ሕግ በእሱ ስም ይጠራል። በዚያው ዓመት አካዳሚው አባል አደረገውና ፓሪስ ገብቶ ተረጋጋ። በ1784 የንጉሡ የውኃና የምንጮች ሥራ ኃላፊ ሆነ፤ የከተማው ትልቅ የውኃ ክፍል በእሱ እጅ ነበር። በ1787 ደግሞ ሆስፒታሎችን እንዲያጠና ወደ እንግሊዝ ተላከ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በበጋ ደረቅ አየር የናይለን ብርድ ልብስ በጨለማ ስንገፍ ጠሽ ጠሽ እያለ ብልጭታ እንደሚያሳይ ሁላችንም አይተናል። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉር ላይ ታሽቶ ወደ ቁራጭ ወረቀት ሲጠጋም ወረቀቱ ዘሎ ይጣበቅበታል። ይህ ነገር ቻርጅ ይባላል፤ በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት ሙል የሚለውም ስም አለው። ሁለት ዓይነት መሆኑ ከኩሎምብ በፊት ይታወቅ ነበር፤ አንድ ዓይነቶቹ ይገፋፋሉ፣ የተለያዩት ይሳሳባሉ። ያልታወቀው ምን ያህል በሚል ጥያቄ ላይ ነው። ርቀቱ እጥፍ ቢሆን መገፋፋቱ በግማሽ ይቀንሳል? በሩብ? ወይስ በሌላ? ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1767 እንደ መሬት ስበት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገምቶ ነበር። ግምት ግን ልኬት አይደለም። የሁለት ኳሶች መገፋፋት እጅግ ትንሽ ስለሆነ በገበያ ሚዛን አይያዝም።

ኩሎምብ መላ ያገኘው ከሌላ ሥራ ነው። አካዳሚው ለመርከበኞች የሚሆን የተሻለ ኮምፓስ ለሚሠራ ሽልማት መድቦ ነበርና እሱ በ1777 ከሌላ ሰው ጋር ተካፍሎ አሸነፈ። የእሱ ዘዴ መርፌውን በምሰሶ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ በቀጭን ክር ማንጠልጠል ነበር። ክሩ ሲጠመዘዝ ተመልሶ ለመፈታት እንደሚታገል ያየው ያኔ ነው። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱ በክሩ ተንጠልጥሎ ሲሾር፣ ከዚያ ሲለቁት ወደ ኋላ ሲዞር አይተን የለ? ነገሩ ያው ነው። ኩሎምብ ይህን የመፈታት ትግል በብረት ሽቦዎች ላይ አጠናና በ1784 ሕጉን አወጣ። ሽቦውን ሁለት እጥፍ ብትጠመዝዘው ሁለት እጥፍ ይታገላል፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ይላላል፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግን ትግሉ 16 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ በጣም ቀጭን ሽቦ ከተገኘ እጅግ ትንሽ ጉልበት እንኳ ብዙ ዲግሪ ያዞረዋል ማለት ነው። ሚዛኑ ተገኘ።

በ1785 የሠራው መሣሪያ እንዲህ ነው። ሰፊ የመስታወት በርሜል መሰል ነገር አለ፣ ነፋስ እንዳይገባ ተከድኗል። ከክዳኑ መሃል ረጅም የመስታወት ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል። ከቱቦው ጫፍ ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ መዘውር አለ፤ ከመዘውሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብር ሽቦ ወደ ታች ይወርዳል። በሽቦው ጫፍ ላይ ቀላል ዘንግ አግድም ተንጠልጥሏል። በዘንጉ አንድ ጫፍ ከቁጥቋጦ ግንድ መሃል ከሚወጣ፣ እንደ ቡሽ ከቀለለ ነገር የተሠራች ትንሽ ኳስ አለች። ሌላ እኩያዋ ኳስ ደግሞ በክዳኑ ቀዳዳ ገብታ ከጎኗ ትቆማለች፣ እሷ አትንቀሳቀስም። በቻርጅ የተሞላ የስፒል ራስ ሲነካቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ቻርጅ ይካፈላሉና ይገፋፋሉ። ተንጠልጣይዋ ኳስ ትሸሻለች፣ ሽቦው ይጠመዘዛል፣ ሽቦው የሚታገለውና መገፋፋቱ እኩል ሲሆኑ ትቆማለች።

የመጀመሪያው ልኬት 36 ዲግሪ ሆነ። ኳሶቹ በ36 ዲግሪ ተራራቁ፣ ሽቦውም 36 ዲግሪ ተጠመዘዘ። ቀጥሎ ኩሎምብ ላይኛውን መዘውር በተቃራኒው 126 ዲግሪ አዞረና ኳሶቹን በግድ አቀራረባቸው። በ18 ዲግሪ ላይ ቆሙ፤ ርቀታቸው ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ሽቦው አሁን ስንት ተጠመዘዘ? 126 ሲደመር 18፣ 144 ዲግሪ። 144 የ36 አራት እጥፍ ነው። ደግሞ መዘውሩን እስከ 567 ዲግሪ አዞረው፤ ኳሶቹ ወደ 8 ተኩል ዲግሪ ተጠጉ። ድምሩ 575 ተኩል መጣ፤ የ36 አሥራ ስድስት እጥፍ 576 ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ አራት እጥፍ፣ ወደ ሩብ ሲቀርብ አሥራ ስድስት እጥፍ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ጉልበቱ በርቀቱ ስኩዌር ልክ ይቀንሳል።

ልብ ያለ አንባቢ ግን ሦስተኛው ርቀት 9 ዲግሪ መሆን ሲገባው 8 ተኩል መሆኑን ያያል። ኩሎምብም አይቶታል፣ ቁጥሩንም አልደበቀም። ቻርጅ በአየርና በመያዣው በኩል ቀስ እያለ ያመልጣል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ይብሳል። ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ምን ያህል እንደሚጠፋ ለብቻው ለክቶ በሌላ ጽሑፍ አወጣ። ይህ ሙከራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ1990ዎቹ በጀርመን አንድ ተመራማሪ መሣሪያውን እንደገና ሠርቶ ሲሞክር የኩሎምብን ቁጥሮች ማግኘት አቅቶት ነበር፣ ሰውየው በርግጥ ለክቶታል ወይ የሚል ክርክርም ተነሳ። በኋላ ግን በ2006 ሌላ አጥኚ በጥንቃቄ ሠርቶ ተቀራራቢ ውጤት ማግኘቱን አሳወቀ።

የሚሳሳቡ ቻርጆች ጉዳይ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር፤ ኳሶቹ እየተሳቡ ይላተማሉና ሚዛኑ አልሠራ አለ። ስለዚህ ዘዴውን ለወጠና ተንጠልጣይ ዘንግ ከቻርጅ ኳስ ፊት ለፊት ሲወዛወዝ የሚፈጅበትን ጊዜ ቆጠረ። ውጤቱ ያው ሆነ። በቻርጅ ብዛት በኩል ጉልበቱ ከሁለቱ ቻርጆች ብዜት ጋር እንደሚሄድ ተናገረ፤ እውነቱን ለመናገር ለዚህኛው ያቀረበው ማስረጃ እንደ ርቀቱ የተብራራ አልነበረም። በእንግሊዝ ካቨንዲሽ የተባለው ሰው ይህንኑ ሕግ በ1770ዎቹ መጀመሪያ በራሱ መንገድ ደርሶበት ነበር፤ ግን ወረቀቱን ሳያሳትም ሞተና በ1879 ነው ይፋ የወጣለት። ስሙን የወሰደው እንግዲህ ለሰው ያሳየው ኩሎምብ ሆነ።

አሁን ተማሪዎቻችን ቀረብ በሉ። ሕጉን በሒሳብ ስንጽፈው፣ የመጀመሪያውን ቻርጅ በሁለተኛው እናባዛለን፣ በ9 ቢሊዮን እናባዛለን፣ ከዚያ በርቀቱ ስኩዌር እናካፍላለን። መልሱ በኒውተን ይወጣል። ቻርጁ በኩሎምብ፣ ርቀቱ በሜትር መሆን አለበት። ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ዕቃ 2 ማይክሮ ኩሎምብ፣ ሌላው 3 ማይክሮ ኩሎምብ ተሸክመዋል፤ በመካከላቸው 30 ሳንቲ ሜትር አለ። ማይክሮ ማለት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 2 በ3 ሲባዛ 6፣ ሚሊዮንኛ በሚሊዮንኛ ደግሞ ትሪሊዮንኛ ይሆናል። 6 ትሪሊዮንኛ በ9 ቢሊዮን ሲባዛ 0.054። ርቀቱ 0.3 ሜትር ነው፣ ስኩዌሩ 0.09። 0.054 ለ0.09 ሲካፈል 0.6 ኒውተን። ይህ ደህና የዶሮ እንቁላል እጅ ላይ የሚጫነውን ያህል ነው። ዕቃዎቹን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ብናርቃቸው 0.15 ኒውተን ይሆናል፤ ወደ 15 ብናቀርባቸው 2.4 ኒውተን፣ ሩብ ኪሎ ያህል።

ሁለቱም ቻርጆች ፖዘቲቭ ወይም ሁለቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ መገፋፋት ነው፤ ከተለያዩ መሳሳብ ነው። ትልቁ ቻርጅ ትንሹን የበለጠ ይገፋል ብሎ የሚያስብ ተማሪ አለ፤ አይደለም። 3 ማይክሮ ያለው በ2 ማይክሮው ላይ የሚያሳርፈውና 2 ማይክሮው መልሶ የሚያሳርፍበት ጉልበት እኩል ነው። ነጥብ የሚያስጥሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሳንቲ ሜትሩን ወደ ሜትር አለመቀየር፣ ሁለተኛው ርቀቱን ስኩዌር ማድረግ መርሳት። አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር፤ ይህ ሒሳብ በትክክል የሚሠራው ዕቃዎቹ ከርቀታቸው አንጻር ትንንሽ ሲሆኑ፣ ወይም ቻርጁ በላያቸው እኩል የተሰራጨ ኳሶች ሲሆኑ ነው።

ለምን ሁልጊዜ በማይክሮ ይሰጠናል ለሚሉ፣ አንድ ሙሉ ኩሎምብ እጅግ ብዙ ስለሆነ ነው። ሁለት ነገሮች አንድ አንድ ኩሎምብ ይዘው በአንድ ሜትር ቢራራቁ 9 ቢሊዮን ኒውተን ይገፋፋሉ። ይህ 30 ቶን የሚመዝኑ 30 ሺህ የጭነት መኪኖችን መሸከም ማለት ነው። ታዲያ ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል የተጻፈበት ትንሽ የስልክ ባትሪ 3,600 ኩሎምብ እያስተላለፈ እንዴት አይፈነዳም? መልሱ ቻርጁ በባትሪው ውስጥ አለመጠራቀሙ ነው። በአንዱ ጫፍ የወጣው ያህል በሌላው ይገባል፣ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተመጣጥነው ይኖራሉ።

ኩሎምብ ከ1785 እስከ 1791 ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት ሰባት ጽሑፎችን ለአካዳሚው አቀረበ። ከዚያ አገሩ ተናወጠች። አብዮቱ በ1789 ፈንድቶ ነበር። በ1791 ከመሐንዲሶች ጦር ለቀቀ። በኦገስት 1793 የሳይንስ አካዳሚው ተዘጋ። ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምበትን ሜትርና ኪሎ ያዘጋጅ ከነበረው ኮሚቴም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ስሙ ተሰረዘ። አብሮት ከተሰረዙት አንዱ ትልቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላቯዚዬ ነበር፤ በሜይ 1794 አንገቱን ተቆርጦ ተገደለ። ኩሎምብ ግን ከወዳጁ ከቦርዳ ጋር ፓሪስን ለቆ ብሉዋ አጠገብ ወዳለችው ይዞታው ሄደና ክፉውን ቀን በገጠር አሳለፈ። ከላቦራቶሪው ርቆም አላረፈም፤ ውኃ በዕፅዋት ግንድ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ ያጠና ነበር።

ነገሩ ሲበርድ በ1795 በአካዳሚው ምትክ የተቋቋመው አዲሱ ተቋም መረጠውና ተመለሰ። በ1802 የሁለት ልጆቹን እናት በሕግ አገባ። በዚያው ዓመት የመንግሥት ትምህርት ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ፤ በፈረንሳይ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በማቋቋም ሥራ ተካፈለ። በማርቲኒክ የተጎዳው ጤናው እያደር ደከመ። ኦገስት 23 ቀን 1806 በ70 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የቻርጅ መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። በኤፍል ግንብ ዙሪያ ከተጻፉት የ72 የፈረንሳይ ሊቃውንት ስሞች አንዱም የእሱ ነው። ከ2019 ወዲህ ደግሞ መለኪያው በኤሌክትሮን ቻርጅ የሚወሰን ሆኗል፤ አንድ ኩሎምብ ማለት 6.24 ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ ኤሌክትሮኖች የሚሸከሙት ቻርጅ ነው።

ለተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ ትተን እንለያይ። 4 ማይክሮ ኩሎምብና 5 ማይክሮ ኩሎምብ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ ጉልበቱ ስንት ነው? በወረቀት ሞክሩት። 4.5 ኒውተን ካገኛችሁ ልክ ናችሁ፤ 0.9 የመጣበት ርቀቱን ስኩዌር ማድረግ ረስቷልና ይድገመው።